ያልተከፈተው ዘለበት

ኩምባ ቀበቶውን ሦስት ዓመት ሙሉ ከፍራሿ ሥር ደብቃ አስቀምጣው ነበር። ያን ቀን ጠዋት አወጣችው፣ አቧራውን አራገፈችለት፣ ዘለበቱን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው። ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ቆለፈችውና ደግማ ተጫነችው። አሁንም ቀጭ ብሎ ተከፈተ።

"ውሸታም" አለች ለብቻዋ።

ቀበቶውን ጠቅልላ ከነጠላዋ ሥር ወሸቀችው። ከዚያ ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌቷ ላይ ወጥታ ፔዳሉን በእጆቿ እየዘወረች ወደ ወንዙ ወረደች። ዛሬ አቲሜ ጊንዶን በሴጉ ከተማ ሕዝብ ፊት መሳቂያ ታደርገዋለች። እንዴት እንደምታደርገው ጨርሳ አስባበታለች፤ ሁለት ወር ሙሉ ሌላ ነገር አላሰበችም።

ከተማው ግልብጥ ብሎ ወንዝ ዳር ወጥቷል። አዲሱ የጀልባ መሳፈሪያ የሚከፈትበት ቀን ነው። ከመንገዱ አንሥቶ እስከ ውሃው አፍ ድረስ ደረጃ የሚባል ነገር የለውም፤ ለጎማ የሚመች ረጅም ተዳፋት ነው፣ ግራና ቀኙ የብረት መደገፊያ አለው። ከታች ስድስት ታንኳዎች ታስረዋል፤ በየውስጣቸው ጀርባ የሚደግፍ ወንበር ተገጥሞላቸዋል። እግሩ እንቢ ያለው ሰው ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ ማንም ሳይሸከመው ወንዙ ላይ ይወጣል። የአካል ጉዳተኞች ማኅበር አባላት አሥራ አንድ ሆነው፣ የክት ልብሳቸውን ለብሰው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ሊቀመንበራቸው ኩምባ ናት። ይህን መሳፈሪያ ለማሠራት ያላንኳኳችው በር፣ ያልተጨቃጨቀችው ሹም የለም።

ሠሪውን ግን እሷ አልመረጠችም። ሥራውን የያዘው ድርጅት ከባማኮ አንድ በያጅ አስመጥቶ ስሙን ሲነግራት፣ ኩምባ "ጥሩ" ብቻ ነበር ያለችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አቲሜ ፊቱን በጥቁር መነጽር ሸፍኖ ሲበይድ ከሩቅ ታየው ነበር። መነጽሩን ባወለቀ ቁጥር ዓይኑ እሷን ይፈልጋል። እሷ ብስክሌቷን አዙራ ትሄዳለች። በሄደችም ቁጥር ልቧ ይመታል፤ እንዲህ መምታቱ ደግሞ ይበልጥ ያናድዳታል።

*

ኩምባ ቦዞ ናት፤ ከአፈር ይልቅ ውሃ የሚያውቅ ወገን ልጅ። በአራት ዓመቷ ፖሊዮ ሁለት እግሮቿን ሲወስድባት እናቷ አለቀሰች። አጎቷ ሶሪ ግን ብድግ አድርጎ ታንኳ ውስጥ አስቀመጣትና "እዚህ ላይ ደግሞ እግር ማን ይጠይቃል?" አለ። እውነቱን ነበር። በሃያ ዓመቷ ከእሷ እኩል የሚቀዝፍ ሴት ቀርቶ ወንድም ጥቂት ነበር።

አቲሜ ዶጎን ነው፤ የገደል አገር ሰው፣ ሽንኩርት አብቃይ፣ ውሃ ከጉልበቱ ካለፈ የሚንቀጠቀጥ። ቦዞና ዶጎን ደግሞ የቀልድ ዘመዳሞች ናቸው። ይህ ቀልድ እንደ ሌላው ቀልድ አይደለም፣ ከአያት ቅድመ አያት የመጣ መሐላ አለበት። ቦዞ ዶጎንን እንዳሻው ይሰድበዋል፣ ዶጎን ይስቃል። ዶጎን ቦዞን ያዋርደዋል፣ ቦዞ ይስቃል። የተቆጣ ነውረኛ ነው። አንዱ ሌላውን የለመነውን አይከለክልም፣ ደሙንም አያፈስም። ደግሞም አይጋቡም። ከሁሉ የከበደው ይኸኛው ነው።

የተዋወቁት የብስክሌቷ ጎማ ሲበላሽ ነበር።

"አንቺ ዓሣ ዓሣ የምትሸቺ፣ ይኼን ጎማ ምን አድርገሽ ነው የገደልሽው?" አላት።

"አያትህ የሽንኩርት ጆንያ ጭኖበት ነው። ወሬህን ትተህ ጠግን፣ አሽከሬ።"

ሳቀ። በማግስቱ ያልተበላሸውን ጎማ ሊያይ መጣ። ከዚያ በኋላ ሳይመጣ የቀረበት ቀን የለም። ሰው መሀል "አገባሻለሁ" ይላታል፤ እሷ "ጉማሬ ባገባ ይሻለኛል" ትለዋለች፣ ሰዉ ይንከተከታል። የቀልድ ዘመድ የፈለገውን ቢናገር ማን ቁም ነገር ይለዋል? ሁለቱ መቼ መቀለድ እንደተዉ ማንም ሳያውቅ ቀረ። እነሱም ቢሆኑ ቀኑን በውል አያውቁትም ነበር።

ታንኳ ውስጥ እግሮቿ እየተንሸራተቱ ሲያስቸግሯት አይቶ ወንበር የሠራላት እሱ ነው። ጭኗን የሚይዝ ቀበቶም ሰፋላት፤ ዘለበቱን ከአሮጌ ታክሲ ነቅሎ ነበር ያመጣው። በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ ለዓመቱ የሴቶች የታንኳ ውድድር ተመዘገበች። በሴጉ ታሪክ እግሯ የማይሄድ ሴት ስትወዳደር የመጀመሪያዋ ነበረች።

የውድድሩ ዕለት ታንኳዋ መስመሩ ላይ እንደቆመች፣ አቲሜ ቁልቁለቱን እየሮጠ ወረደ። ፊቱ አመድ መስሏል። ያ ውሃ ፈሪ እስከ ወገቡ ገባና አጠገቧ ደረሰ። ቀበቶዋን ፈታ፣ አንዲት ቃል ሳይናገር ብድግ አደረጋት፣ ትከሻው ላይ እንደ ጆንያ ጣላት። ሺህ ሰው በሳቅ ፈነዳ። "ዶጎኑ ሙሽሪቱን ጠለፈ" ብሎ የጮኸ ሰው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዋ ውስጥ አለ። አሸዋው ላይ አስቀመጣትና ትንሽ አያት። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቷት ሄደ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የባማኮ አውቶቡስ ላይ ተሳፈረ። ኩምባ ሌሎቹ ታንኳዎች በፊቷ ሲያልፉ አሸዋ ላይ ተቀምጣ አየቻቸው።

ከዚያ የባሰው ደግሞ በኋላ መጣ። አጎቷ ሶሪ የውሃው አለቃ ነው፤ ማን እንደሚቀዝፍና ማን እንደማይቀዝፍ የሚወስነው እሱ ነው። "ወንበሩን የሠራው ራሱ ካላመናት እኔ እንዴት ልመናት?" አለና እሷንም፣ እንደ እሷ ያሉትንም ከውድድሩ አገዳቸው። ያ ታንኳ ውስጥ ያስቀመጣት ሰው።

በሳምንቱ ከአቲሜ ደብዳቤ መጣ። ሴቶቹ ዓሣ የሚያጨሱበት ቦታ ነበረች፤ ከቀልድ ዘመድ የመጣ ደብዳቤ ደግሞ የግል አይደለም፣ የሁሉም ነው። ጓደኛዋ ኒያጋሌ ነጥቃ ከፍ ባለ ድምፅ ታነብ ጀመር።

"'ኩምባ፣ ያን ቀን ጠዋት የቀበቶሽን መንትያ ባልዲ ውስጥ ነክሬ ሞከርኩት። ውሃ ከጠጣ አይከፈትም። ታንኳሽ ቢገለበጥ ኖሮ...' ስሙማ እናንተ! ዶጎን ለቦዞ ስለ ውሃ ሊያስተምር ነው።"

ሳቁ ጢሱን በለጠው። ኩምባም ሳቀች፤ መሳቅ ግዴታዋ ነበር። የቀረውን መስመር የሰማ የለም፤ ኒያጋሌ በሳቅ ስትታጠፍ ወረቀቱ ከእጇ አምልጦ ፍሙ ላይ ወደቀ። ኩምባ ለመልሱ አንድ ሽንኩርት በጋዜጣ ጠቅልላ በአውቶቡስ ላከችለት። ወደ ማሳህ ተመለስ ማለቷ ነበር። እሱም ሌላ አልጻፈም።

ቀበቶውን ከወንበሩ ፈትታ ወሰደችው። ውሃ ውስጥ ነክሬ ልየው ብላ ግን አንድ ቀን አላሰበችም። ዶጎን ስለ ውሃ የተናገረውን የሚፈትን ቦዞ ከወዴት ይመጣል?

*

"አሽከሬ!" ብላ ስትጣራ ሕዝቡ ገና ከአሁኑ መሳቅ ጀመረ። "ና ወዲህ፣ ሽንኩርት በላ።"

አቲሜ መሳሪያውን አስቀምጦ መጣ። ከሦስት ዓመት በኋላ የሰጠችው የመጀመሪያ ቃል ነው። ጢሙ ላይ ሁለት ሦስት ሽበት እንዳለ አየች፤ ዓይኗን ወዲያው ነቀለች።

"ወንበር በሠራህለት ታንኳ መጀመሪያ የምትወጣው አንተ ነህ። ወንበሩ ላይ ትቀመጣለህ፣ እኔ እቀዝፋለሁ። የቀልድ ዘመድህ ለምኜሃለሁ።"

ሕዝቡ በደስታ አጨበጨበ። ሶሪ ከሽማግሌዎቹ መሀል "ዋና እንደማይችል ታውቂያለሽ፣ ልጄ" አለ፤ እሱም እየሳቀ ነው።

"አውቃለሁ፣ አጎቴ።"

"የለመንሺኝን መቼ ከልክዬ አውቃለሁ?" አለ አቲሜ ቀስ ብሎ።

ሁለት ሰው የሚይዘው ታንኳ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ኩምባ አጎንብሳ የወንበሩን አዲስ ማሰሪያ ፈታች፤ በአንድ ጉተታ የሚላቀቅ ገመድ ነበር። ወደ ኋላዋ ወረወረችው። ከነጠላዋ ሥር አሮጌውን ቀበቶ አወጣች።

አቲሜ ቀበቶውን አየ። ከዚያ እሷን አየ። እንዲመቻት ሁለት እጆቹን ከጭኑ ላይ አነሣላት። ይህ መታዘዙ ክፉኛ አናደዳት። ቀበቶውን ሳብ አድርጋ ጭኑን ጠፈረችው፣ ዘለበቱን ቆለፈችው፣ መቅዘፊያዋን አነሣች።

*

ከዳር የሚሰማው ሳቅ ቀስ በቀስ ራቀ። ኩምባ ወደ አሸዋው ደለል እየቀዘፈች ነው። እዚያ ውሃው ከሰው ደረት አያልፍም፤ እሷ ልትገድለው አልመጣችም። ታንኳውን ትገለብጠዋለች፣ እሱ ዘለበቱን ከፍቶ ጭቃ ለብሶ ይወጣል፣ ዓሣ አጥማጆቹ መጥተው እንደ ጆንያ ይሸከሙታል። ሕዝቡ ይስቃል፣ እሱም አብሮ ይስቃል፣ ሌላ ምርጫ የለውም። ከዚያ መሳቂያ መሆን ምን እንደሆነ ያውቀዋል።

በመቅዘፊያዋ ውሃ እየዛቀች ጭኑ ላይ ደፋችበት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አሥሬ። ሸሚዙና ቀበቶው በሰበሱ።

"ቀዘቀዘህ?"

"ትንሽ።"

"እኔም አሸዋው ላይ በርዶኝ ነበር። በሐምሳ ዲግሪ ፀሐይ።" ታንኳውን በወገቧ ወዘወዘችው። አቲሜ ጠርዙን ጨብጦ ዓይኑን ጨፈነ። "ለምን አትለምነኝም? መልሺኝ በለኝ እንጂ።"

"አልልም።"

"እንግዲያው ስገለብጠው ዘለበቱን ክፈት። አንድ ጣት ይበቃዋል፤ ዛሬ ጠዋት ሁለት ጊዜ ከፍቼዋለሁ።"

"ደረቅ ነበር፣ ኩምባ።"

"አሁንም ያችኑ ውሸት።" መቅዘፊያውን ጣለችና ልታሳየው ወደ ፊት ተዘረጋች። አውራ ጣቷን ዘለበቱ ላይ ጫነች። ዝም አለ። አጥብቃ ተጫነች። ከዚያ በሁለት አውራ ጣት ሞከረች፤ ድንጋይ መፍለጥ የለመዱ የሚመስሉ እጆች ናቸው የሷ እጆች። ጨርቁ ውሃ ጠጥቶ አብጧል፣ የዘለበቱን ምላስ ነክሶ ይዞታል። በጥርሷ ሳበችው። ጥፍሯ ተሰበረ። ዘለበቱ ግን ንቅንቅ አላለም።

እጇን ከዘለበቱ አነሣች። ደረት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ታንኳው ላዩ ላይ ተደፍቶበት፣ ራሱ ወደ ታች ተዘቅዝቆ፣ በዚህ ታስሮ ታያት። ከዚያ እሷ ራሷ ታየቻት፤ ከሦስት ዓመት በፊት፣ በዚያው ወንዝ፣ በዚያው ቀበቶ፣ በሚራወጡ እጆች።

"ስታስሪኝ የትኛው ቀበቶ እንደሆነ አውቄዋለሁ" አለ አቲሜ።

"ለምን ተቀመጥክ ታዲያ? እብድ ነህ?"

"ለምነሽኝ የለም እንዴ? ደግሞም ጥፋቴን አውቀዋለሁ።"

"የቱን ጥፋት? እውነትህን ነው እኮ። ይኼው፣ አይከፈትም።" የተሰበረ ጥፍሯን አሳየችው። "ለምን እዚያው አልነገርከኝም? አንድ ቃል። 'ዘለበቱ ተበላሽቷል' ማለት ያን ያህል ይከብዳል?"

አቲሜ የጨበጠውን የታንኳ ጠርዝ ለቀቀ። "አፈርኩ" አለ። "ያ ሁሉ ሕዝብ ባለበት 'የሠራሁት ነገር ይገድላታል' ማለት አቃተኝ። በእኔ ከሚስቁ በአንቺ ይሳቁ አልኩ። ተሸክሜሽ ስወጣ ያሰብኩት ይኼንኑ ነው። ሦስት ዓመት የሸሸሁትም ከዚህ ነው፣ ከሽንኩርትሽ አይደለም።"

ኩምባ ትንፋሿን ሰበሰበች። ለካ ቂሟ ልክ ነበር። ቀበቶው እውነት ሆኖ ተገኘ፣ በደሉም እውነት ሆኖ ቀረ። ዳርቻው ላይ የሚጠብቁት አሥራ አንድ ሰዎችና እሷ ሦስት ዓመት ከውድድር የታገዱት አንድ ወንድ ማፈር ስላልፈለገ ነው። በጥፊ ልትመታው እጇን አነሣች። አቲሜ ፊቱን አላዞረም። እጇ አየር ላይ ቀርቶ ቀስ ብሎ ጉንጩ ላይ አረፈ፤ ለምን እንደሆነ ራሷም አላወቀችም፣ እንባዋ ብቻ ወረደ።

"ይቅር አላልኩህም" አለችው እጇን ሳታነሣ።

"አውቃለሁ።"

"እዚያ ስንደርስ ትናገራለህ። ሁሉም እየሰማ።"

"ማን ያምነኛል? ዶጎን ለቦዞ የተናገረውን? ይስቃሉ።"

"ይሳቁብህ" አለችና መቅዘፊያዋን አነሣች።

*

እንዳለውም ሳቁ። አቲሜ ታንኳው ውስጥ እንደታሰረ ድምፁን ከፍ አድርጎ "ያን ጊዜ ኩምባን ያወጣኋት መቅዘፍ ስለማትችል አይደለም፤ የሰፋሁት ቀበቶ ገዳይ ስለነበረ ነው። አፍሬ ደበቅኳችሁ" ሲል፣ ሴቶቹ እየተገፈታተሩ ሳቁ። ሶሪ ሆዱን ይዞ "ዶጎኑ ውሃ ሲነካው ጭራሽ ዘላበደ" አለ።

"አባባ፣ ይምጡና ይክፈቱት" አለ አቲሜ።

ሶሪ እየሳቀ ወርዶ ዘለበቱን ተጫነ። ደግሞ ተጫነ። ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። መረብ በአንድ እጁ የሚጎትት አንድ ጎረምሳ ጠራ፣ ጎረምሳውም ሞክሮ እጁን እያየ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ሦስተኛ ሰው መጣ። ሳቁ ከፊት ወደ ኋላ እየሞተ ሄደ፤ ላይ መንገዱ ድረስ ዝም ሆነ። ኒያጋሌ፣ ያቺ ደብዳቤውን ያነበበች፣ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች።

ሶሪ የወንድሙን ልጅ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። "ኩምባ" አለ። "እኔ እኮ..."

"ቢላዎን ይስጡኝ፣ አጎቴ።"

መረብ የሚቆርጥበትን ቢላ ሰጣት። ሦስት ዓመት የተኛችበትን ቀበቶ በሁለት ምት በጠሰችው።

አቲሜ ሊነሣ ሞከረ። እንዲያ ጠፍራው ስለነበር እግሮቹ ደንዝዘው አልታዘዝ አሉት፤ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ወደቀ። ሁለት ዓሣ አጥማጆች አንዱ በብብቱ፣ አንዱ በእግሩ ሊያነሡት ጎንበስ አሉ። ይህን ነበር ኩምባ ሁለት ወር ሙሉ ያለመችው፤ እንደ ጆንያ ብድግ ሲል ልታየው።

"መጀመሪያ ጠይቁት" አለች።

ሰዎቹ እጃቸው ተንጠልጥሎ ቀረ። አሥራ አንዱም ወደ እሷ ዞሩ፤ በሕይወታቸው ስንት ጊዜ ሳይጠየቁ እንደተነሡ እነሱ ያውቃሉ።

"እ... እናንሣህ?" አለ አንደኛው፣ ቃሉ ለአፉ እንግዳ ሆኖበት።

"አይ፣ አመሰግናለሁ" አለ አቲሜ። "በራሴ እወጣለሁ።"

"እግርህ እስኪመለስ ትንሽ ቆይ እንጂ" አለ ሶሪ።

አልቆየም። ኩምባ ቀድማ በክንዶቿ ወደ ብስክሌቷ ተሻገረች፤ አቲሜ የሠራውን ተዳፋት እየዘወረች ወጣችና አናቱ ላይ ጠበቀችው። አቲሜ በክርኑና በጉልበቱ እየተጎተተ፣ ራሱ በበየደው ብረት እየተሳበ፣ ሴጉ ሁሉ እያየው ተከተላት። አንድም ሰው አልሳቀም። አጠገቧ ሲደርስ ጎማዋን ይዞ ተቀመጠና ቀና ብሎ አያት። ኩምባን ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ቁልቁል ነበር የሚያያት፤ ወንድ ሽቅብ ሲያያት ይህ የመጀመሪያው ነው።

"ደብዳቤው የተቃጠለው ሳያልቅ ነው" አለችው። "መጨረሻው ምን ይል ነበር?"

አቲሜ ወደ ሶሪ አየ፣ ወደ ሽማግሌዎቹ አየ። ከዚያ ዓይኑን ወደ እሷ መለሰ።

"'መሐላውን አውቀዋለሁ። ቢሆንም አገባሻለሁ' ነው የሚለው።"

ዶጎን ቦዞን አገባሻለሁ ካላት ቦዞዋ ትስቃለች፣ ነገሩም ቀልድ ሆኖ ይቀራል፤ ሴጉ ከተቆረቆረች ጀምሮ እንዲሁ ነው። ኒያጋሌ ጠበቀች። ሽማግሌዎቹ ጠበቁ። ሶሪ አብሮ ሊስቅ አፉን ከፍቶ፣ ዓይኑን የወንድሙ ልጅ ፊት ላይ ተክሎ ጠበቀ።

ኩምባ አልሳቀችም።